ከልጆች ጋር ባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘመድ ወዳጅ ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሊመጣ ሲል ደውሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስንት ቀን ይበቃናል?

ሦስት ሌሊት ብታድሩ ጥሩ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ አንዱን ለጣና፣ ሌላውን ለጢስ ዓባይ ስጡ። የቀረው ቢቀር አይቆጭም።

የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ በቀን አንድ ትልቅ ነገር፣ እሱም ጠዋት። አዋቂ በአንድ ቀን አራት ገዳም ሊሳለም ይችላል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ከሁለተኛው በኋላ የሚያስታውሰው ጫማ ማውለቅና ማጥለቅ ብቻ ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ከአዲስ አበባው ትብሳለች። ስለዚህ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ምሳ፣ ጥላና እንቅልፍ ይሁን። አመሻሹን ደግሞ ለሐይቁ ዳር ተዉት።

በየትኛው ወር እንምጣ?

ቢመቻችሁ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ዝናቡ ያበቃል፣ ሜዳው ለምለም ነው፣ ጢስ ዓባይም ሞልቶ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ማታ ማታ ግን ቀዝቀዝ ስለሚል ለልጆች ሹራብ ያዙ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ይከብዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው፤ ቢሆንም ቦት ጫማ ያለው ልጅ ጭቃውን እንደ ችግር አያየውም።

በመኪና ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን?

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ በአውሮፕላን። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያም ከከተማው አይርቅም። በመኪና ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ደግሞ ልጆችን ያስመልሳል፤ ፌስታልና ሎሚ ሳትይዙ አትውረዱ።

ከዚህ በላይ ግን የመንገዱ ሁኔታ አለ። ሰላሙ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ስለዚህ የባለፈውን ወር ወሬ ይዛችሁ አትነሱ፤ በዚያው ሳምንት እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ። መሽቶ አትጓዙ። ከተማ ውስጥም ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ያረፋችሁበትን ሆቴል ጠይቃችሁ እወቁ። ከልጆች ጋር ሲሆን ጉዞን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ኪሳራ አይደለም።

ብዙ ገንዘብ ሳናወጣ ከተማው ውስጥ ምን እናሳያቸው?

ሐይቁን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ዳር ውረዱ። ዓሣ አጥማጆች ሌሊት ያደረውን መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ዓሣውን ሲያጸዱ ሆድ ዕቃውን ወደ ውሃው ይወረውሩታል። ያኔ ፔሊካኖቹ ተንጋግተው ይመጣሉ። ፔሊካን መንቆሩ ሥር ከረጢት አለው። ዓሣውን ከነውሃው ይዝቀዋል፤ ከዚያ መንቆሩን ደረቱ ላይ ደፍቶ ውሃውን ያፈሰዋል፤ በመጨረሻ ቀና ብሎ አንዴ ይውጠዋል። ጉሮሮው ላይ የዓሣው ቅርጽ ሲወርድ ይታያል። የእህቴ ልጅ ይህን ለማየት ሦስት ጠዋት ያለ ቀስቃሽ ተነስቷል። አዲስ አበባ ለትምህርት ቤት የሚነሳው በስንት ልመና ነው።

ከዚያ በዘንባባዎቹ ሥር በእግር ሂዱ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አጠገብ በድንጋይና በኖራ የተሠራ አሮጌ ፎቅ አለ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ያሠራው ነው ይባላል። ልጆች ታሪኩን ባይሰሙም ግድግዳውን መንካት ይወዳሉ።

ማታ ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለላችሁ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። የእግረኛ መሄጃው ሰፊ ስለሆነ ሕፃን በጋሪ ይዞ መሄድ አያስቸግርም። ከተማውን ከላይ ማየት ለሚፈልጉ ደግሞ የቤዛዊት ኮረብታ አለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ቤተ መንግሥት እዚያ ላይ ነው፤ ከሥሩ ዓባይ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ይታያል። በባጃጅ ውጡ፤ ዳገቱ የትንሽ ልጅ እግር አይደለም።

ታንኳው በእውነት የሚሠራው ከሣር ነው?

ከደንገል ነው። ደንገል ሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው፤ ጥንት ግብፆች የጻፉበት ፓፒረስ የሚሠራው ከዚሁ ተክል ነው። ለልጃችሁ አንድ አገዳ ስጡትና በጣቶቹ መሃል ያሽከርክረው። ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ቢሰብረው ውስጡ ነጭ ነው፣ እንደ ስፖንጅ ቀላል ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። «ሣር እንዴት ሰው ይሸከማል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ልጁ ራሱ በእጁ ይዞታል።

ባለሙያው ደንገሉን ያደርቅና በነዶ በነዶ ጠፍሮ ያስረዋል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ ያስመቱታል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲያረጅ አዲስ ይታሰራል። ከዘጌ በኩል በታንኳ ማገዶ ጭነው ለገበያ የሚመጡ ሰዎችን ማለዳ ላይ ታያላችሁ።

ልጆች ይሳፈሩበት ወይ ላላችሁኝ፣ ዳር ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይበቃል። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ልብሱ መርጠቡ አይቀርም፤ ስለ ውሃው ከታች የምለውን አንብቡ። ለመታሰቢያ ግን ክንድ የምታህል ትንሽ ታንኳ ሠርተው የሚሸጡ አሉ። እሷን ግዙለት።

ሕፃን ይዞ ሞተር ጀልባ ላይ መውጣት ደህና ነው?

ጠዋት ከሆነና ላይፍ ጃኬት ካለ፣ አዎ። ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳና ማዕበል ይመጣል። አንድ ጊዜ ከዘጌ የተመለስነው 9 ሰዓት ላይ ነበር። ጀልባዋ መዝለል ጀመረች፣ ውሃው ፊታችን ላይ ተረጨ፣ ልጆቹ አለቀሱ። ላይፍ ጃኬት ሲሰጠን የሁሉም ልክ የአዋቂ ነበር፤ የአራት ዓመቷ ልጅ ብታደርገው ከሥሩ ሾልካ ትወጣለች። እስክንደርስ ድረስ ከደረቴ ጋር አጣብቄ ያዝኳት። ከዚያ ወዲህ ያለ ልጅ ልክ ጃኬት ከወደብ አልነሳም።

ሳትነሱ በፊት ሦስት ነገር ጨርሱ፦ የልጆቹን ጃኬት ልክ አይታችሁ አስለብሱ፤ ዋጋውን ለሰው ይሁን ለጀልባው፣ ደርሶ መልስ መሆኑንም ተነጋገሩ፤ የምትመለሱበትን ሰዓት ቁረጡ። 2 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ 6 ሰዓት ሳይሞላ ዳር መድረስ ነው። ኮፍያና የሚጠጣ ውሃ አትርሱ። ጀልባዋ ጣሪያ ቢኖራትም ፀሐዩ ከውሃው ላይ ይመለሳል።

ጉማሬ እናያለን?

ዕድል ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ይገኛሉ፤ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ የማየት ዕድላችሁ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁለት ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው። ልጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እንደ ሥዕል መጽሐፍ አፉን ከፍቶ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል።

ባለ ጀልባውን «ጠጋ በልልን» አትበሉት። ጉማሬ ሰላማዊ ቢመስልም ጀልባ ይገለብጣል። ጎበዝ ባለ ጀልባ ሞተሩን ቀንሶ በሩቁ ይቆማል፤ እሱን አመስግኑት።

የትኛውን ገዳም እናሳያቸው? ሴት ልጅም አለችን።

ይህ ሳይጣራ ተሂዶ ልጅ ወደብ ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ሕፃን ብትሆንም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችን ይቀበላል። ዓባይ ከሚወጣበት አቅራቢያ ያለው ደብረ ማርያምም እንዲሁ፤ ጉዞው አጭር ስለሆነ ለሕፃናት ይመቻል።

አንድ ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ከወደቡ እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ጦጣ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ ብስኩት በእጅ ይዞ መሄድ ግን አይመከርም። ዘጌ ላይ ሞፈር ቀንበር አይታይም። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። ስለዚህ የዘጌ ሰው ሳያርስ በእነዚህ ይኖራል ይባላል። ልጆቹን ሦስቱን ተክሎች በመንገድ ፈልጉ በሏቸው። ዳገቱን ሳያውቁት ይጨርሱታል።

ውስጥ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጆች ላይ የሚቀረው የበላዔ ሰብ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ እፍኝ ውሃ በመስጠቱ ዳነ። ሚዛኑ ላይ ያቺ እፍኝ ውሃ ስትመዝን ያዩታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሰማዕታቱ ሥቃይም እዚያው ተሥሏል። ደም የሚፈሩ ልጆችን መጀመሪያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ወደ ዘንዶው ውሰዷቸው። ካልሲ አስለብሷቸው፤ የሴቶች ነጠላም አትርሱ።

ጢስ ዓባይ ከትንሽ ልጅ ጋር ይኬዳል?

ይኬዳል፤ መንገዱን ብቻ ምረጡ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ አልፎ ዳገት የሚያስወጣው ነው። ሌላው ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚያስኬደው ነው። ከሰባት ዓመት በታች ልጅ ካለ ሁለተኛው ይሻላል። ትልልቆቹ ግን በድንጋዩ ድልድይ ሄደው በተንጠልጣዩ የብረት ድልድይ ቢመለሱ ይወዱታል፤ ሲረግጡት ይወዛወዛል።

ጠዋት ድረሱ። ፀሐይ ጢሱ ላይ ስታርፍ የማርያም መቀነት ይወጣል። የድሮው የ1 ብር ኖት ቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ኑ። ፊቱ ላይ የሚስቀው ልጅ አለ፤ ጀርባው ላይ ያለው ፏፏቴ ይህ ነው። ልጆች ብሩን ከፍ አድርገው ከእውነተኛው ጋር ሲያስተያዩ ማየት ለእኔ የጉዞው ጥሩ ጊዜ ነው። ከቋጥኙ ጠርዝ ላይ አጥር አትጠብቁ፤ ሣሩ በርጥበት ያንሸራትታል። እጃቸውን ያዙ።

ፏፏቴው ደርቋል የሚባለውስ?

ግማሽ እውነት ነው። የዓባይ ውሃ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ይጠለፋል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የበለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ እሱ ውሃውን በዋሻ ከራሱ ከጣና ይወስዳል። ስለዚህ በበጋ፣ በተለይ ከጥር በኋላ፣ ያ ሰፊ መጋረጃ ቀጭን ጅረት ይሆናል።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከመጣችሁ ግን 40 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ ድምፁ ሳታዩት ይደርሳችኋል። በሚያዝያ የሚመጡ እንግዶቼን ወደዚያ አልወስድም። ልጅ ፎቶ አይቶ መጥቶ ባዶ ገደል ሲያገኝ ያዝናል።

ብስክሌት እናከራያቸው?

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ የብስክሌት ከተማ ናት። አስር ዓመት ለሞላው ልጅ፣ እሑድ ጠዋት፣ በሐይቁ ዳር፣ አዎ። ፍሬኑን እናንተው ሞክሩት። በሥራ ቀን በዋናው መንገድ ከባጃጅ ጋር መጋፋት አይሆንም።

ዓሣ ለልጅ ምን ዓይነት ይሻላል?

ፊሌቶ በሉና እዘዙ፤ አጥንቱ ወጥቶ ይመጣል። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ ሲመጣ ያምራል፤ ነገር ግን ለልጅ አዋቂ ቁጭ ብሎ አጥንቱን መልቀም አለበት። ጉላሽ ካማራችሁ ቃሪያ ይቀንሱላችሁ። በጥሬው የሚቀርብ ዓሣ ለልጅ አትስጡ። ጠዋት ያያችሁትን ዓሣ ምሳ ላይ ስትበሉ አንዳንድ ልጅ እምቢ ይላል። አታስገድዱት፤ ሽሮ ሁሉም ቦታ አለ።

ጣና ውስጥ እግራቸውን ቢነክሩስ? የሰፈሩ ልጆች ይዋኙ የለም እንዴ?

አይንከሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለኝም። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሏ ውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አድጋ ትወጣለች፤ ከዚያ በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ትገባለች። መጠጣት አያስፈልግም፤ ጉልበት ድረስ ገብቶ መጫወት ይበቃታል። ቄጠማና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር፣ ልጆች የሚወዱት ቦታ ማለት ነው፣ ዋናው ቦታዋ ነው። የሰፈሩ ልጆች ይዋኛሉ፤ ብዙዎቹም ይታመማሉ። ትምህርት ቤቶች ላይ መድኃኒት የሚታደለው ለዚህ ነው።

ልጃችሁ አምልጧችሁ ከገባ አትደንግጡ። ወዲያው በፎጣ አሽታችሁ አድርቁት፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪም አሳዩት፤ ምርመራው አለ፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒትም አለ። ውሃ ያማራቸው ልጆችን የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ውሰዷቸው። አንዳንዶቹ እንግዳ ባትሆኑም ከፍላችሁ ያስገባሉ።

ወባስ?

አለ። ከክረምቱ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ይበረታል። ያው ቆንጆው ወቅት ነው፤ ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ኑ። ክፍል ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ የተቀደደ መሆኑንም እዩ። ከ12 ሰዓት በኋላ ረጅም እጅጌና ሱሪ አልብሱ፣ ለልጅ የሚሆን የትንኝ መከላከያ ቀቡ። የሚዋጥ መከላከያ ያስፈልግ እንደሆነ ሳትነሱ የልጆቻችሁን ሐኪም አማክሩ።

ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንትም በወርም ትኩሳት ከመጣ፣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ። ባሕር ዳር ነበርን ብላችሁ ደም አስመርምሩ።

ልጄ «ዓባይ ከጣና ጋር ሳይቀላቀል ያልፋል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?

ይህን ጥያቄ ከአያት የሰማ ልጅ ሁሉ ይጠይቃል። ግልገል ዓባይ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ከሚባለው ቦታ ተነስቶ በደቡብ ምዕራብ በኩል ጣና ይገባል። በክረምት ደለል ተሸክሞ ሲገባ ቡናማ ስለሆነ ከሐይቁ ተለይቶ ይታያል። አባቶቻችን ያዩት እውነት ነው። ግን ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይቀላቀላል። ርብ፣ ጉማራና መገጭም ወደ ጣና ይገባሉ። ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው ውሃ የሁሉም ድብልቅ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ያወቀ ልጅ ካለ፣ ጣና ማደሪያው ነበር በሉት።

የእህቴን ልጅ ድልድዩ ላይ አቁሜ ይህን ሁሉ ነገርኩት። እሱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ፤ ከሥራችን ያለው ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? በጣቶቹ ቆጠርንለት፦ ጢስ ዓባይ፣ ሕዳሴ ግድብ፣ ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይን ማግኘት፣ ካይሮ፣ ከዚያ ባሕሩ። በማግስቱ ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ፊት ቆሞ እጄን ጎተተኝ። «የትናንቱ ውሃችን ደረሰ» አለኝ።